ባለ መዝጊያዋ ሸረሪት «አዲስ» የምትባለው መቼ ነው?

ሆሳዕና ላይ ሁለት የባዮሎጂ ሰዎች ሲገናኙ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እንሰት ላይ ያርፋል፤ አጠውልግ የተባለው በሽታ የት ቀበሌ ደረሰ፣ የትኛው የእንሰት ዓይነት ተቋቋመው የሚል። የነዚህ የሁለቱ ግን ስለ ሸረሪት ነው። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ማይክሮስኮፓቸውን ግን ያልተሰናበቱ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ዱራሜ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ አንድ ሰሞን የእሳቸው ተማሪ የነበረች ወጣት ናት። ተነጋጋሪዎቹ ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠሩ ናቸው፣ የአንጋጫዋ ሸረሪትም እንደዚያው፤ የሚጠቀሱት ተመራማሪዎች፣ ቦታዎችና ዓመታት ግን የእውነት ናቸው። ዓመቶቹም፣ ከአንድ አዋጅ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ ዝርያ አግኝቻለሁ» አለች ወጣቷ፣ ገና ቡናው ሳይቀዳ። ስልኳን ከፍታ አቀበለቻቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጠቆር ያለች ቡናማ፣ ደልደል ያለች፣ እግሯ አጠር ያለ ሸረሪት በተቆረጠ ቀይ አፈር ላይ ቆማለች። ከጎኗ የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጧል።

«ሳንቲሙን ማስቀመጥሽ ደግ አድርገሻል። ከየት ናት?»

«ከአንጋጫ ወደ ዱራሜ ሲመጣ፣ መንገዱ ዳር። ለቤት መሠረት አፈር ሲቆርጡ ጎሬዋ ለሁለት ተከፈለ። ጋሼ፣ መዝጊያ አለው እኮ! ከአፈርና ከድር የተሠራ፣ በአንድ ወገን ማጠፊያ ያለው። ከላዩ ሣርና ቅጠል ተለጥፎበት ከመሬቱ አይለይም። ባለ መሬቱ አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። እኔም አላየሁም።»

«እንግዲያው ለእሳቸውና ለአንቺ አዲስ ናት።»

«ለሳይንስስ?»

«እሱን የሚነግርሽ አንጋጫ አይደለም።»

ባለ መዝጊያ ሸረሪቶች ድር ዘርግተው ዝንብ ከሚጠብቁት ወገን አይደሉም። መሬት ቆፍረው የጎሬውን ግድግዳ በሐር ይለብጡታል፤ አፉ ላይ መዝጊያ ይሠራሉ፤ ቀን ዘግተው ውስጥ ይውላሉ። ሲመሽ መዝጊያውን ትንሽ ገርበብ አድርገው፣ የፊት እግራቸውን ጫፍ ከአፋፉ ላይ አሳርፈው ያደባሉ። ጉንዳን ወይም ጥንዚዛ በአጠገባቸው ሲያልፍ ንዝረቱን በእግራቸው ይሰሙና ብቅ ብለው ይዘውት ይገባሉ። ከውጭ የሚነካካ ከመጣ ደግሞ መዝጊያውን ከውስጥ በጥርስና በጥፍር ይዘው ወደ ታች ይስቡታል። የአንዳንዶቹ መዝጊያ ወፍራም ነው፤ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ገጥሞ ይቀመጣል። የሌሎቹ ስስ ነው፤ አፈሩ ላይ ዝርግት ብሎ ይተኛል። ሰው በላዩ ላይ ቆሞ ሊያወራ ይችላል፤ አያየውም። ባለ መሬቱ አዛውንት ዕድሜ ልካቸውን አለማየታቸው ታዲያ ብርቅ አይደለም፤ ስለ ሸረሪቷ ብርቅነትም ምንም አይናገርም።

መምህሩ ሥዕሉን በሁለት ጣት አሳደጉት።

«ጥርሷን ተመልከቺ። ቤት ውስጥ የምናያቸው ሸረሪቶች ጥርሳቸው ከግራና ከቀኝ መጥቶ ይጋጠማል። የዚች ጎን ለጎን ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ከጥርሱ በላይ፣ መንጋጋዋ ጫፍ ላይ የተደረደሩት አጫጭር እሾሆች ደግሞ መቆፈሪያዎቿ ናቸው። ሆዷን ገልብጠሽ ብታዪ ኖሮ ሁለት ጥንድ ሳንባ ታገኚ ነበር። እስከዚህ ድረስ አንጣላም፤ ባለ መዝጊያ ናት።»

«ዓይኖቿስ?»

«እሱን ነው የምፈልገው። ስምንት መሆናቸው ሳይሆን አሰላለፋቸው ነው ቁም ነገሩ። ሁለቱ ከሌሎቹ ተነጥለው ወደ ፊት፣ ወደ መንጋጋው ድረስ ወርደዋል። ኢዲዮፕስና ዘመዶቹ እንደዚህ ናቸው። ኢዲዮፕስ የሚለውን ጂነስ ፔርቲ የሚባል ጀርመናዊ በ1833 የሰየመው ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ እስከ አፍሪካና ደቡብ እስያ ተበትኗል። ሦስተኛውን እግር እስቲ አምጪልኝ።»

አመጣችላቸው። እግሩ በአጋጣሚ ወደ ካሜራው ዞሯል። ቅልጥሙ መነሻው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ኮርቻ የሚቀመጥበት ይመስል ጎድጎድ ብሏል፤ ጎድጓዳው ውስጥ ጸጉር የለም። መምህሩ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙረው ደጋግመው አዩት።

«ኢዲዮፕስ ላትሆን ትችላለች» አሉ በመጨረሻ። «ሄሊግሞሜረስ የሚባል ጂነስ አለ። አፍሪካ ውስጥ አለ፤ ሕንድና ስሪ ላንካም አለ። አንዱ መለያው ይኼ ጎድጓዳ ቅልጥም ነው።»

«አዲስ ሄሊግሞሜረስ ናታ!»

«ቀስ በይ። ሉሲያን ቤርላንድ የሚባል ፈረንሳዊ በ1914 ሄሊግሞሜረስ ጃኔሊ ብሎ አንዷን ከምሥራቅ አፍሪካ ሰይሟል። አሉዎና ጃኔል የተባሉ ሁለት የሀገሩ ሰዎች በ1911 እና በ1912 ምሥራቅ አፍሪካን እየዞሩ በሰበሰቡት ላይ ተመሥርቶ ነው። ያቺና ያንቺዋ አንድ ቢሆኑስ?»

«እንግዲያው ስሟ ከመቶ ዓመት በፊት ወጥቷል ማለት ነዋ።»

«ስሙ ደግሞ አይሻርም። ቀድሞ የሰየመ ባለ ስም ነው፤ የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ሕግ በዚህ አይደራደርም። አንቺ ከኋላ መጥተሽ ያወጣሽው ስም ከሥሩ ተጽፎ ይቀራል።»

ይህ የቅድሚያ ሕግ በሸረሪቶች ዘንድ አንድ አስቂኝ ነገር አለው። የእንስሳት ስም ቆጠራ የሚጀምረው ከሊኔየስ የ1758 መጽሐፍ ነው። ካርል ክሌርክ የሚባል ስዊድናዊ ግን የሀገሩን ሸረሪቶች መጽሐፍ ያወጣው በ1757 ነበር። ሥራው ግሩም ስለነበር ሊቃውንቱ መጣል አልሆነላቸውም፤ ስለዚህ መጽሐፉ በጥር 1 ቀን 1758 እንደታተመ ይቆጠር፣ ሊኔየስንም ይቅደም ብለው በሕጉ ውስጥ ጻፉለት። ለሸረሪት ሲባል የቀን መቁጠሪያ ተገፍቷል ማለት ነው።

ወጣቷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። «አንጋጫ ላይ የተገኘችን ሸረሪት ማንነት የቤርላንድ ናሙና ያለበት ፓሪስ ሄጄ ልጠይቅ?»

«ፓሪስ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት! አያቶቻችን ሳያውቁት የሀገራችን ሸረሪቶች በማሰሮ እየታሸጉ ወጥተዋል። ሉድቪግ ኮክ በ1875 ኑረምበርግ ላይ የግብጽና የአቢሲኒያ ሸረሪቶች የሚል ጽሑፍ አሳተመ፤ ሰብሳቢው ጂኬሊ የሚባል ሰው ነበር። ከዚያ ፓቬዚ መጣ። አንቲኖሪን ታውቂዋለሽ?»

«አንኮበር አካባቢ የነበረው ጣሊያናዊ?»

«እሱ። ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ ተክሎ ወፉንም ነፍሳቱንም ሲሰበስብ ኖረ፤ እዚያው በ1882 ሞተ። በዓመቱ ፒዬትሮ ፓቬዚ ከሸዋ የመጡትን ሸረሪቶች ከመቶ ገጽ በሚበልጥ ጽሑፍ ጄኖቫ ላይ አወጣ። ደግሞ ኤርላንገር አለ።»

ባሮን ካርሎ ፎን ኤርላንገር ከ1899 እስከ 1901 ድረስ በኢትዮጵያና በሶማሌ ምድር የተዘዋወረ ጀርመናዊ ነው፤ የመንገዱን ግማሽ ኦስካር ኖይማን አብሮት ነበር። ዋናው ፍቅሩ ወፍ ነው። ግን ሸረሪትም አልናቀም፤ እምብሪክ ስትራንድ የተባለ ኖርዌያዊ ከ1906 እስከ 1908 በተከታታይ ያሳተማቸው ጽሑፎች በዋናነት በኤርላንገር ስብስብ ላይ የቆሙ ናቸው። ኤርላንገር ራሱ በ1904 በመኪና አደጋ ስለሞተ አላያቸውም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ሎዶቪኮ ዲ ካፖሪያኮ ተራውን ያዘ፤ በ1940 ያወጣው ጽሑፍ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን አካባቢ ሸረሪቶች የሚመለከት ነው። ሐይቆቹ ከሐዲያና ከከምባታ ደጋ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ናቸው።

«ሰብሳቢ እነሱ፣ ጸሐፊ እነሱ። እኛ የት ነበርን?» አለች።

«መንገድ ስናሳይ። ስንቅ ስንሸከም። ሸረሪቷንም ማን ቆፍሮ እንዳወጣት ታውቂያለሽ? ጽሑፉ ላይ የለም።»

«ስለዚህ ያ ሁሉ ጽሑፍ ተነቦ፣ ያ ሁሉ ማሰሮ ታይቶ ካላለቀ አዲስ ማለት አልችልም?»

«ጽሑፉን ማንበቡ እንኳ ቀልሏል። ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዓለምን የሸረሪት መዝገብ በኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ተመዝግበሽ ትገቢያለሽ፤ የድሮዎቹን ጽሑፎች ጭምር ታወርጃለሽ። በሚያዝያ 2022 መዝገቡ ላይ 50,000ኛው ዝርያ ገባ፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ዘላይ ሸረሪት። ችግሩ የድሮ ሰዎች አጻጻፍ ነው። "ቡናማ፣ እግሯ ጸጉራም" ብለው በላቲን ሁለት መስመር ይጽፉና ይሄዳሉ። ያኔ ከማሰሮዋ በቀር ምስክር የለም።»

ይህ ለማጋነን የተባለ አይደለም። የኢትዮጵያን ደጋ የሣር እንቁራሪቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች የደረሰባቸው ይኸው ነበር። ፕቲካዴና በሚባለው ጂነስ ውስጥ ያሉ እንቁራሪቶች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ፣ በ1920ዎቹ የወጡት ስሞች ዛሬ በየተራራው ለሚገኘው ለየትኛው እንቁራሪት እንደሆኑ የማያጠያይቅ አልነበረም። ከስሞቹ ሁለቱ ኤርላንገሪና ኖይማኒ ይባላሉ፤ ከላይ ባየናቸው መንገደኞች የተሰየሙ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከሙዚየም ማሰሮ ውስጥ ካሉት ጥንታዊ ናሙናዎች ዘረ መል አውጥተው አነበቡ። የማን ስም የማን እንደሆነ ለመለየት የቻሉት በዚያ ነው። በ2021 አራት አዳዲስ ዝርያዎችም ሰይመዋል። አዲሱን አዲስ ያሰኘው አሮጌው ማሰሮ ሆነ።

«ፎቶ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው?» አለች ወጣቷ፣ ስልኳን መልሳ እየተቀበለች።

«አንድ ወፍ ልንገርሽ። በ1988 ሶማሊያ ውስጥ ቡሎ ቡርቲ ላይ አንድ የማይታወቅ ወፍ ታየ። ያዙት። አንድ ብቻ ስለሆነ መግደሉ ነውር ነው ተባለና ላባና ደም ወስደው በ1990 ለቀቁት። በ1991 አዲስ ዝርያ ብለው ጻፉት፤ ስሙንም ላኒያሪየስ ሊበራተስ፣ ነጻ የወጣው አሉት።»

«ደስ ሲል!»

«በ2008 ዘረ መሉ እንደገና ሲታይ ሌላ ወፍ ሆኖ አልተገኘም። ቀድሞ የሚታወቅ ዝርያ ነበር፤ ቀለሙ ብቻ ተለይቶ የወጣ። የዚያ ቀድሞ የሚታወቀው ወፍ ስም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ላኒያሪየስ ኤርላንገሪ።»

«ኤርላንገር እንደገና!»

«የትም ብትሄጂ ቀድሞሻል።»

መምህሩ እዚህ ላይ ተቃራኒውን ምሳሌ ባይነግሯት አድልዎ ይሆንባቸው ነበር። በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ መኪና የገጨው፣ በሌሊት የሚበር የአንድ ወፍ ሬሳ ተገኘ። የሚረባ ሆኖ የተረፈው አንድ ክንፍ ነበር። ክንፉ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ከሌሎች ሁሉ ጋር ተመሳከረ፤ የሚገጥመው ጠፋ። በ1995 ካፕሪሙልገስ ሶላላ ተብሎ ተሰየመ። ለብዙ ዓመታትም ስሙ ጸንቶ ቆየ። ሙሉው ወፍ በእጅ ተይዞ፣ ደሙ ተወስዶ ስሙ ሲወድቅ፣ ቁራጭ ክንፍ ስሟን ለዓመታት አስከበረች። ልዩነቱ የማስረጃው ብዛት አይመስልም፤ ክንፏ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለች፤ የተጠራጠረ ሁሉ ሄዶ ያያታል።

«ሕጉም የሚለው ይኼንን ነው» ቀጠሉ መምህሩ። «ከ1999 ወዲህ አዲስ ዝርያ የሚጽፍ ሰው አንዷን ናሙና ሆሎታይፕ ብሎ መሰየም አለበት፤ የስሙ ዋስ እሷ ናት። የት እንደምትቀመጥም መጻፍ አለበት። ደግሞም ከዘመዶቿ በምን እንደምትለይ። ይኼ ከሌለ ስሙ ስም አይደለም።»

«ይዤ ካቲካላ ውስጥ ብከታት ኖሮስ?»

መምህሩ ሳቁ። «ካቲካላሽ ግማሹ ውኃ ነው። ትበሰብስብሻለች። ሰባ፣ ሰማንያ በመቶ የሆነ አልኮል ያስፈልጋል፤ ለዘረ መል አንድ እግር ለብቻ ዘጠና አምስት በመቶው ውስጥ፣ ብርድ ቦታ። ከዚያ በፊት ደግሞ ፈቃድ።»

ቡናውን ልታነሳ የመጣችው ባለ ቤቷ ሰምታ ኖሮ ቆመች። «ለሸረሪት ፈቃድ?»

«ለሸረሪት፣ እሜቴ።»

«እኔ በየቀኑ በመጥረጊያ ስጠርጋቸው ማን ጠየቀኝ?»

«መጥረግ አልተከለከለም። ሳይንስ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው።»

ቀልድ ይምሰል እንጂ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሀገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ማግኘትን ይከለክላል፤ ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የእነ ጂኬሊና የእነ ኤርላንገር ዘመን እንዳይመለስ የወጣ ሕግ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ናሙናን አገር ውስጥ ለማኖር ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ላይ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለው። የከምባታ ሸረሪት ሆሎታይፕ አራት ኪሎ ላይ ቢቀመጥ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር የፓሪስ ሰው ቲኬት ቆርጦ መምጣቱ ነው። ጥሩ በቀል ነው።

«እሺ፣ ፈቃድ አወጣሁ እንበል። ሄጄ እሷኑ ቆፍሬ አወጣለሁ።»

«ሴት ናት።»

«ብትሆንስ?»

«የሸረሪት ዝርያ አጥርቶ የሚለየው ወንዱ ነው። ወንዱ ሲጎለምስ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት መዳሰሻዎቹ ጫፍ ያብጣል፤ እዚያ ውስጥ ዘር የሚያስተላልፍበት ቀጭን ቱቦ አለ። የቱቦው ቅርጽ፣ ጠመዝማዛነቱ፣ የጫፉ አቆራረጥ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የሴቷንም የዘር መቀበያ ከረጢት ሆዷን ከፍተሽ ታያለሽ። ግን ባለ መዝጊያዎች ላይ ሴቶቹ በመልክ በጣም ይመሳሰላሉ። ቤርላንድ ወንድ አይቶ፣ አንቺ ሴት ይዘሽ ብትመጪ በምን ታወዳድሪያቸዋለሽ?»

«ወንዱን የት አገኘዋለሁ?»

«እሱ ነው ዕድሜ የሚበላው።»

ጄሰን ቦንድ የተባለው አሜሪካዊ የባለ መዝጊያ ሸረሪት ሊቅ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ፈጣን ሠራተኛ ነው፤ በ2012 ባወጣው አንድ ጽሑፍ ብቻ ከአሜሪካ 33 አዳዲስ የአፕቶስቲከስ ዝርያዎችን ገልጿል። በ1997 ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞስ ላንዲንግ በሚባል የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ አንዲት ሴት አገኘ፤ የትኛውም ጂነስ ውስጥ አልገባችለትም። ወንድ ሳላገኝ አልጽፋትም ብሎ ተቀመጠ። ወንዱ በእጁ የገባው በ2019 ነው። በዓመቱ፣ በ2020፣ አዲስ ዝርያ ብቻ ሳትሆን አዲስ ጂነስ ሆና ክሪፕቶክቴኒዛ ካውታክ ተባለች። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ማሰሮ ውስጥ ስም አልባ ሆና ጠበቀች።

ወንድ የሚጠፋው ስለሚያንስ አይደለም፤ ስለሚቸኩል ነው። ለዓመታት በገዛ ጎሬው አድጎ ሲጎለምስ ቤቱን ጥሎ ሴት ፍለጋ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው፣ በሌሊት ነው። ከዚያ ብዙም አይቆይም፤ ይሞታል። ሴቷ በተቃራኒው ከተወለደች ጀምሮ ያንኑ ጎሬ እያሰፋች ትኖራለች።

«ስንት ዓመት?» አለች ወጣቷ።

«አውስትራሊያ ውስጥ ባርባራ ዮርክ ሜይን የምትባል ሴት በ1974 ጎሬዎችን በቁጥር ምልክት እያደረገች መከታተል ጀመረች። ሸረሪቶቹን አላወጣቻቸውም፤ እየሄደች መዝጊያቸውን ታያለች እንጂ። ቁጥር 16 የተባለችው ሴት በ2016 መዝጊያዋ ተበስቶ ተገኘ፤ ተርብ ገብቶባት ነበር። ዕድሜዋ 43 ዓመት ተብሎ ተገመተ። ከዚያ በላይ የኖረች ሸረሪት አልተመዘገበችም።»

«ከእኔ ትበልጣለች!»

«ያንቺዋም ስንት ዓመቷ እንደሆነ አናውቅም። ለዚህ ነው ፎቶ አንስተሽ መልቀቅሽን ያልተቆጣሁሽ። የት ለቀቅሻት?»

«ከመሠረቱ ራቅ አድርጌ፣ ከእንሰቱ ጀርባ። ግን ጋሼ፣ እንደ እርስዎ አባባል ሁሉም ነገር ተሰይሞ አልቋል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቿ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ብዙም አይሄዱም። በነፋስ ድር ለቀው የሚበሩ ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከእናታቸው ጎሬ ጥቂት እርምጃ ርቀው ይቆፍራሉ።»

«እንግዲያው የሐምበሪቾ ሸረሪት ቢላቴን ተሻግራ አርሲ አትሄድም። ኦሞንም ተሻግራ ጅማ አትሄድም። እነ ጃኔል ያገኟት ሌላ ቦታ ነው። እዚህ ያለችው በሺህ በሺህ ዓመታት ለብቻዋ ሆና ተለይታ ሊሆን አይችልም?»

መምህሩ መልስ ለመስጠት ቸኮል አላሉም፤ ተማሪያቸው የያዘችው ነጥብ ጠንካራ ነው። ማርክ ሃርቪ የተባለ አውስትራሊያዊ በ2002 መኖሪያቸው ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች የሆኑ ፍጥረታትን ለብቻ መድቦ ሲጽፍ፣ ባለ መዝጊያ ሸረሪቶች ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ ናቸው። ርቆ ለመሄድ የማይደፍር እንስሳ በየተራራው የየራሱን ዝርያ ያፈራል። ሐምበሪቾ ደግሞ ከዱራሜ በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ጎብኚ 777 ደረጃ ቆጥሮ ይወጣዋል። በደረጃው ግራና ቀኝ ስንት መዝጊያ እንዳለ የቆጠረ የለም።

«ይቻላል» አሉ በመጨረሻ። «እንዲያውም የሚመስለው እሱ ነው። እኔ የምልሽ፣ የሚመስል ነገር አይጻፍም።»

«ስሟን ግን አዘጋጅቻለሁ።»

«ስም ቀላሉ ነው። ቦንድ አንዷን በዘፋኙ ኒል ያንግ፣ አንዷን በባራክ ኦባማ ሰይሟል። የባሕር ዳርቻዋን ደግሞ ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሙትሱን ቋንቋ ነው ስም ያወጣላት። ሕጉ የትኛውንም ቋንቋ አይከለክልም፤ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ። በራስሽ ስም ብቻ አታውጪ፤ አይከለከልም፣ ይሳቅብሻል።»

«ሐምበሪቾ ነበር ያሰብኩት።»

«አንጋጫ መንገድ ዳር ያገኘሻትን በሐምበሪቾ ስትሰይሚ፣ ነገ ሐምበሪቾ ላይ ሌላ ዝርያ ቢገኝስ? የሚመጣው ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያምታታው ይኖራል። ስሙ ይቆይ። መጀመሪያ ወንድ። ክረምቱ ሲገባ ባለ መሬቱን አስፈቅደሽ፣ ፈቃዱም ከወጣ፣ ማሰሮ ከአፈሩ ጋር እኩል አድርገሽ ትቀብሪያለሽ። ሌሊት የሚዞረው ይወድቅበታል። ጠዋት ጠዋት ማየት ነው፤ ዝናብ እንዳይሞላው ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠጠር ላይ ታስቀምጪለታለሽ።»

«ተማሪዎቼ ያግዙኛል።»

«ያግዙሽ። የሚገኘውን ሁሉ እንዳትወስዱ ግን። ጎሬዎቹንም ቁጠሩ፤ ስፋታቸውን ለኩ፤ አፈሩን፣ ዘንበል ያለበትን አቅጣጫ ጻፉ። ወንድ ከተገኘ በኋላ ገና ልኬት አለ፤ የእያንዳንዱ እግር ጭን፣ ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ሁሉም በሚሊሜትር ከነነጥቡ። የእሾሁ ቁጥር። የጥርሱ ቁጥር። ሥዕል። ሰው የሚሰለቸው እዚያ ጋ ነው።»

«እስከዚያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«የለም። አሁን ለፓሪስ ሙዚየም ደብዳቤ እንጽፋለን። በእንግሊዝኛ ጀምሪው። ስለ አዲስ ዝርያ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ፤ የቤርላንድን ናሙና ፎቶ እንፈልጋለን በይ፣ ይበቃል።»

ወጣቷ ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች። «ከየት በኩል እንዲያነሱልን?»

«ዓይኖቹን ከላይና ከፊት። የሦስተኛውን እግር ቅልጥም ከላይና ከጎን፤ የመጠን መለኪያ መስመር ይጨመርበት። መዳሰሻውን ከውስጥም ከውጭም በኩል።»

«መዳሰሻ ካልን ወንድ መኖሩን ማወቅ አለብን እኮ። ወንድ አላቸው?»

«እሱን ከላይ አምጪው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን።»